ሽቦውን የመፈለግ ሥራ የአብራሪው ዓይን ብቻ አይደለም፤ ስለ ርጭት ሄሊኮፕተሮች ለተሰራጨው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በሰብል ጥበቃ ሥራ ላይ ያለን የወሎ ሰዎች በየስልካችን የደረሰን አንድ ጽሑፍ አለ። አንበጣና ግሪሳ ለመከላከል ዝቅ ብለው የሚበሩ ሄሊኮፕተሮች ከመብራት ሽቦ ጋር ስለሚጋጩበት ምክንያት የሚያትት ነው። በቴሌግራምና በፌስቡክ ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያና ቆቦ ተዳርሷል፤ «ትክክለኛ ነገር ተጻፈ» ብለው ያጋሩት ብዙ ናቸው። ከእነሱ መካከል የወረዳ ግብርና ኃላፊዎችም አሉ። ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያስገደደኝ በተለይ የኃላፊዎቹ ማጋራት ነው።

በመጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የመብራት ሽቦ በጠራ ቀን ይታያል፣ የሚጋጨው ቸልተኛ አብራሪ ነው ይላሉ። አደጋው የሚመጣውም አገሩን ከማያውቁ የውጭ አብራሪዎች በመሆኑ የአገሬው ልጅ ቢያበር ይቀራል ይላሉ። ሄሊኮፕተር አየር ላይ መቆም ስለሚችል ሽቦ ሲያይ መቆም ይችላል፣ ለቀሪው ስጋት ደግሞ የሽቦ መቁረጫ ይገጠምለት፣ በርጭቱ ሰዓትም መብራት ይጥፋ ባይ ናቸው። ከዚህ ተነሥተው ጉዳዩ የአብራሪውና የባለ ሄሊኮፕተሩ እንደሆነ፣ የወረዳውና የቀበሌው ድርሻ ኬሚካልና ነዳጅ ማድረስ ብቻ እንደሆነ ይደመድማሉ። በመጨረሻም፣ ሽቦ ሁሉ ላይ ባለቀለም ኳስ እስኪሰቀል ድረስ ሄሊኮፕተር ይቅር፣ ድሮንና የሰው ጉልበት ይበቃል ይላሉ።

የጸሐፊውን ቅንነት አልጠራጠርም። ስለ አብራሪዎች ሕይወት ተጨንቀው ነው የጻፉት፤ ርዕሱን ማንሣታቸውም ያስመሰግናቸዋል። ግን ከነጥቦቻቸው አብዛኞቹ ስሕተት ናቸው፤ አንዱ ደግሞ ሰው ሊያስገድል የሚችል ስሕተት ነው።

ሽቦ ይታያል ከሚለው ልጀምር። ሜዳ ላይ ቆመን ወደ ላይ ስናንጋጥጥ ሽቦው ጥርት ብሎ የሚታየን ከጀርባው ሰማይ ስላለ ነው። አብራሪው ግን ሽቦውን የሚያየው ከላይ ሆኖ ወይም ትክክል ላይ ሆኖ ነው፤ ከሽቦው ጀርባ ያለው ለእሱ የማሽላ ማሳ፣ የግራር ቁጥቋጦ፣ የታረሰ መሬት ነው። አዲስ ሲዘረጋ ያብለጨለጨው አልሙኒየም ዓመታት ሲያልፉበት ግራጫ ይሆንና ከዚያ መሬት ጋር ይመሳሰላል። ሌላም ችግር አለ። ሁለቱ ዓይኖቻችን የአንድን ነገር ርቀት ከሚገምቱባቸው መንገዶች ዋነኛው የግራውና የቀኙ ዓይን ምስል ወደ ጎን ያላቸውን ልዩነት ማነጻጸር ነው። አግድም የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን ልዩነት አይሰጥም። ስለዚህ አብራሪው ሽቦውን ቢያየው እንኳ ሃምሳ ሜትር ላይ ይሁን ሁለት መቶ ሜትር ላይ መለየት ይቸግረዋል። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር የሚበር ሄሊኮፕተር በእያንዳንዱ ሰከንድ 30 ሜትር ያህል ይጓዛል። ማየት፣ መገንዘብ፣ መወሰን፣ መሪውን መሳብና ሄሊኮፕተሩ እስኪታዘዝ መጠበቅ ሦስት ሰከንድ ቢወስድ 90 ሜትር አለፈ ማለት ነው።

በዚህ ላይ የእኛን አገር ሰዓትና መልክዓ ምድር ጨምሩበት። የበረሃ አንበጣ ሌሊቱን ዛፍና ሰብል ላይ ሰፍሮ ያድራል፤ የሚነሣው ፀሐይ ካሞቀችው በኋላ ነው። ስለዚህ ጥሩው የርጭት ሰዓት ማለዳ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ መንጋው ለማደር የሚያርፍበት አመሻሽ። ግሪሳም የሚረጨው ሊያድር በሚሰበሰብበት ሰዓት፣ ሊመሽ ሲል ነው። ሁለቱም ፀሐይ ዝቅ የምትልባቸው ሰዓቶች ናቸው። ቆቦ ሜዳ ላይ ማለዳ ወደ ምሥራቅ የሚበር አብራሪ ከዞብል ተራሮች በላይ የወጣችው ፀሐይ ፊት ለፊት ትወጋዋለች። አመሻሽ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ከምዕራቡ ተራራ ጀርባ ቀድማ ትገባና የተራራው ግርጌ ሁሉ ጥላ ይለብሳል፤ ሰማዩ ገና ብርሃን ሳለ ሽቦው ያለበት መሬት ጨልሟል። ጸሐፊው «በጠራ ቀን» ያሉት ቀትር ላይ ላለ ሰው ይሠራ ይሆናል። ቀትር ላይ ግን መንጋው በሰማይ ነው።

ስለ ከፍተኛ መስመሮችም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። ከኮምቦልቻ ወደ አላማጣ የሚሄደው ዓይነት ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር ከሩቅ የሚታዩ ትልልቅ የብረት ማማዎችና ወፍራም ሽቦዎች አሉት። በማማዎቹ አናት ላይ ግን መስመሩን ከመብረቅ ለመጠበቅ የተዘረጋ፣ ከታች ካሉት እጅግ የቀጠነ ሌላ ሽቦ አለ። አብራሪው ወፍራሞቹን አይቶ ከእነሱ በላይ ከፍ ሲል የሚመታው ይህን ቀጭኑን ነው። በሙያው የሠለጠኑ አብራሪዎች መስመርን ሲያቋርጡ በመሃል ሳይሆን በማማው ራሱ አናት ላይ የሚያልፉት ለዚህ ነው፤ ማማው አይደበቅም፣ ከእሱ በላይ የሚያልፍ ሽቦም የለም። ወደ ቀበሌዎች የሚገቡት ባለ 33 እና ባለ 15 ኪሎ ቮልት መስመሮች ደግሞ በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ የተሰቀሉ፣ ከዛፍ የማይለዩ ናቸው። በአምባሰልና በወረባቦ ገደላገደል ላይ ሽቦው ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው ተወርውሮ መሃሉ ሸለቆ ሲሆን፣ ሁለቱም ምሰሶዎች ቁጥቋጦ ውስጥ ይቀራሉ። ሸለቆውን ተከትሎ የሚበር ሰው ምሰሶ አላየም ማለት ሽቦ የለም ማለት አይደለም። እንዲህ ያለውን ሽቦ የሳተ አብራሪ ቸልተኛ ነበር ማለት ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ወደ ሁለተኛው፣ ስለ ውጭ አብራሪዎች ወደተባለው ልሂድ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እቀበላለሁ። አብራሪውና ገበሬው የጋራ ቋንቋ ከሌላቸው ብዙ ነገር ይጠፋል፤ በአስተርጓሚ የተነገረ «ከወንዙ ማዶ ያለው ሽቦ» የትኛው ወንዝ እንደሆነ ሳይታወቅ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ኢትዮጵያውያን የግብርና አብራሪዎች ቢበዙ ደስ ይለኛል። የጸሐፊው መከራከሪያ ግን ሽቦ የሚመታው ሽቦ መኖሩን የማያውቅ ነው በሚል እምነት ላይ የቆመ ነው። ማስረጃው የሚያሳየው ደግሞ ተቃራኒውን ነው። የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደኅንነት ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2010 በግብርና በረራ ላይ የደረሱትን የሽቦ ግጭቶች መርምሮ ነበር፤ ከአብራሪዎቹ 63 በመቶ የሚሆኑት ሽቦው የት እንዳለ ከመምታታቸው በፊት ያውቁ ነበር። በገዛ አገራቸው፣ በሚያውቁት እርሻ ላይ፣ አንዳንዶቹም በዚያው ጠዋት ከሥሩና ከላዩ ሲመላለሱበት የቆዩትን ሽቦ ነው የመቱት።

ይህ እንዴት ይሆናል ለሚል ሰው፦ የገዛ ቤቱ የበር ጉበን ዝቅ ያለ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ከውጭ ሲጠሩት ተቻኩሎ ሲወጣ ግንባሩን የሚመታው እንደማለት ነው። ዕውቀቱ አለ፣ በዚያች ቅጽበት ግን ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። የርጭት አብራሪ ሐሳብ የሚሄድባቸው ቦታዎች ደግሞ ብዙ ናቸው። መንጋው እየተንቀሳቀሰ ነው። ነፋሱ አቅጣጫ ይቀይራል። የኬሚካሉ ታንክ እያለቀ ነው። በሬዲዮ ሰው እየተናገረው ነው። ከሁሉም የከፋው ሥራው አለቀ ከተባለ በኋላ የቀረች ጥግ ለማዳረስ የሚደረገው የመጨረሻ ዙር ነው። ዋናው ርጭት በታሰበበትና በተለመደ መስመር ይሄዳል፤ የመጨረሻው ዙር ግን መስመሩን ለቆ፣ በአዲስ አቅጣጫ፣ «ይህችን ብቻ» ተብሎ የሚደረግ ነው። የታወቀ ሽቦ የሚረሳውም እዚያ ላይ ነው።

ደግሞስ የአገሬው ልጅ ማለት ማን ነው? አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ያደገ አብራሪ ሐርቡ ላይ የትኛው ማሳ ዳር ሽቦ እንዳለ ከውጭ ከመጣው አብራሪ የተሻለ አያውቅም። የቆቦው ተወላጅ ራሱ አምና የነበረውን ያውቃል እንጂ ዘንድሮ የተዘረጋውን አያውቅም። በቆቦና በጊራና ሸለቆ ለመስኖ ጉድጓዶች ፓምፕ የተዘረጉ መስመሮች አሉ፤ ሰዎች ከዋናው መስመር ቀጥለው ወደ ወፍጮና ወደ ቤታቸው የሚስቡትም በየጊዜው ይጨመራል። ይህን የሚያውቀው በዚያ ማሳ የሚውል ሰው ብቻ ነው።

ሄሊኮፕተር ይቆማል የሚለው አጭር መልስ ይበቃዋል። እውነት ነው፣ ሄሊኮፕተር አየር ላይ መቆም ይችላል። ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ከአውሮፕላን የሚመረጠውም፣ ማሳ አጠገብ አርፎ ኬሚካል መሙላት የሚችለውም ለዚህ ነው። ሲረጭ ግን አይቆምም፤ በፍጥነት ወደ ፊት እየበረረ ነው የሚረጨው። በድንገት ለማቆም አፍንጫውን ቀና ማድረግ አለበት፤ አፍንጫው ቀና ሲል ጅራቱ ዝቅ ይላል፣ ጅራቱ ላይ ያለው ትንሹ ሽክርክሪትም ሊሸሸው ወደነበረው ሽቦ ይወርዳል። የእኛ ሜዳ ደግሞ ባሕር ጠለል ላይ አይደለም። ቆቦ ከ1,400 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ናቸው። ከፍታና ሙቀት አየሩን ያሳሱታል፣ ታንኩን የሞላ ሄሊኮፕተር ለድንገተኛ መውጣት የሚተርፈው ጉልበትም ያንሳል።

የሽቦ መቁረጫውን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ካናዳ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ሄሊኮፕተሩ አናት ላይና ሆዱ ሥር የተተከሉ ስለታም መንጋጋዎች አሉት፣ በፊት መስታወቱ ላይ ያለው ዘንግ ሽቦውን ወደ መንጋጋው ይመራዋል። ብዙ ሰው አትርፏል። ዝቅ ብሎ የሚሠራ ሄሊኮፕተር ሁሉ ቢኖረው እመኛለሁ፤ የኪራይ ውል ሲፈረም መሥፈርት መሆን አለበት የሚል ካለም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን መቁረጫው የሚሠራው ሄሊኮፕተሩ በቂ ፍጥነት ኖሮት፣ ሽቦው ፊት ለፊት ሲገጥመው ነው። በዝግታ እየተጓዘ ወይም እየዞረ ያለን ሄሊኮፕተር አይረዳም። ዋናውን ሽክርክሪት የመታ ሽቦን አይቆርጥም፤ ጅራቱን የያዘውንም እንዲሁ። ከፍተኛ መስመር ላይ ያሉትን ወፍራም ሽቦዎች ለመቁረጥ አልተሠራም። ሌላው ሁሉ ጥንቃቄ ከሸፈ በኋላ የሚቀር የመጨረሻ ዕድል ነው እንጂ የጥንቃቄ ምትክ አይደለም።

መብራት ይጥፋ ለሚለው ግን፣ ሄሊኮፕተርን የሚጥለው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ሽቦው ነው። መብራት የሌለበት ሽቦም ሽክርክሪት ላይ ይጠመጠማል፣ መቆጣጠሪያ ዘንግ ይሰብራል። እንዲያውም መብራት ከተቋረጠ ቆይቶ የተረሳ መስመር ከሚሠራው የባሰ ሊሆን ይችላል፤ በአካባቢው የሚከታተለው ቴክኒሻን የለም፣ ገበሬውም «እሱ እኮ ሞቷል» ብሎ ሳይጠቁመው ያልፋል። ለአዋሽ፣ ኮምቦልቻና ሃራ ገበያ ባቡር ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ባለ 25 ኪሎ ቮልት ሽቦም ያው ነው፤ ባቡር ሄደ አልሄደ ለሄሊኮፕተሩ ለውጥ የለውም። መብራት ማጥፋት የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው፣ ይህንን ጸሐፊው ባይሉትም እጨምርበታለሁ፦ አደጋ ደርሶ ሽቦ ቢበጠስ ለመርዳት የሚሮጠውን ሕዝብ ያድናል። የወሎ ሰው ደራሽ ነው፤ እሳት እንኳ ቢሆን አይቆምም። መሬት ላይ የወደቀ ሽቦ መብራት ካለው በዙሪያው ያለው አፈር ራሱ ይገድላል። ስለዚህ ርጭት ባለበት ቀን መስመሩን በስልክ ማዘጋት የሚችል ሰው ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት፣ ሕዝቡም መስመሩ መጥፋቱ እስኪረጋገጥ እንዳይጠጋ አስቀድሞ መነገር አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ፣ «ወረዳውን አይመለከተውም» ወደሚለው ልምጣ። ይህን ያጋራ ኃላፊ ከራሱ ላይ ሸክም ያወረደ መስሎት ይሆናል። ያወረደው ግን አብራሪው ሊያገኘው የሚችለውን ብቸኛ አስተማማኝ መረጃ ነው።

በመስከረምና በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ማሽላው ሊደርስ ሲል፣ ጤፉ ሲያሸት አንበጣው ከአፋር በኩል ሲወጣ የነበረውን ሁኔታ የወሎ አርሶ አደር አይረሳውም። ያኔ በየቀበሌው የቅኝት ሰዎች ነበሩ፤ ሥራቸው አመሻሽ ላይ መንጋው የት እንዳረፈ አይቶ መደወል ነበር። እኔም ከእነሱ ጋር በእግር ወጥቻለሁ። የሚጠየቁት ሦስት ነገር ነበር፦ ቦታው የት ነው፣ ስፋቱ ስንት ነው፣ መኪና ይገባል ወይ። «ሽቦ አለ ወይ» የሚል ጥያቄ ቅጹ ላይ አልነበረም። እነዚያው ሰዎች ግን እዚያው ቆመዋል፣ ገና ብርሃን አለ፣ ሽቦውን ከታች ሆነው ከሰማይ ጋር አነጻጽረው ያዩታል፤ አብራሪው ማለዳ ከላይ ሆኖ የማያየውን ማለት ነው። መጠየቅ ብቻ ነው የቀረው።

መጠየቁ ምን እንደሚመስል ልዘርዝር፣ «ከባድ ነው» የሚል ሰው እንዳይኖር። የቅኝቱ ሰው መንጋው ያረፈበትን ማሳ ዙሪያ ሲያይ ፖል ይፈልጋል፤ ሽቦ ከመፈለግ ፖል መፈለግ ይቀላል። ከእያንዳንዱ ፖል አናት ሽቦ በስንት አቅጣጫ እንደሚወጣ ይቆጥራል፤ ሁለት የጠበቀበት ሦስት ከሆነ ሦስተኛው የሆነ ቦታ ይሄዳል፣ ወደ ፓምፕ ወይም ወደ ቤት። ምሰሶን ከመሬት ጋር የሚወጥር ሽቦ መኖሩን ያያል፣ የስልክ ማማ ካለ በተለይ። ከልማት ሠራተኛው (ዲኤው)ና ከባለ ማሳዎቹ ጋር «ከአምና ወዲህ የተሳበ አለ?» ይባባላል። የመብራት አገልግሎት ቴክኒሻን በስልክ ይጠየቃል። ከዚያ በአንድ ወረቀት ላይ ወንዙ፣ መንገዱ፣ ሽቦው ይሳላል፤ ሥዕሉ ውብ መሆን የለበትም። ማለዳ አብራሪው ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ወረቀቱን ከሣለው ሰው ጋር ፊት ለፊት ቆመው ያዩታል። አብራሪው በበኩሉ ከመውረዱ በፊት ከፍ ብሎ ማሳውን ዞሮ ያያል፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ከሚያየው ጋር ያነጻጽራል፤ አንድ ፖል ካልገጠመ አይወርድም። ሲረጭ በተቻለ መጠን ከሽቦው ጎን ለጎን ይሄዳል፣ አያቋርጠውም። መሬት ላይ ሬዲዮ የያዘው ሰው፣ ተራ የቀበሌ ሠራተኛም ቢሆን፣ «አቁም» የማለት መብት ይኖረዋል፣ ለምን እንዳለ ኋላ ይጠየቃል እንጂ ያኔ አይጠየቅም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው አንድ ነገር ነው፣ እሱም የሰው ጉዳይ ነው። ሄሊኮፕተሩ ከሽቦው ራቅ ብሎ ሲያልፍ በሽቦው ሥር ያለችው ማሳ ያልተረጨች ትመስላለች። ባለ ማሳው ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ነው፤ የጎረቤቱ ሲረጭ የእሱ ሲታለፍ ይጮኻል፣ «የእኔን ለምን ተዋችሁት፣ እኔ ሰው አይደለሁም ወይ» ይላል። አይፈረድበትም። ኃላፊው ያን ጩኸት ሰምቶ በሬዲዮ «ያቺንም ድገማት» ይላል። የቅድሙ የመጨረሻ ዙር እንግዲህ ይሄው ነው፤ አብራሪውን ወደ ሽቦው የሚልከው ከመሬት የመጣ ይሉኝታ ነው። ጸሐፊው የአብራሪ ቸልተኝነት ያሉት ነገር አንዳንዴ ሥሩ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው።

ይህን መፍታት ይቻላል፣ ግን ከርጭቱ በፊት ባለው ምሽት ነው የሚቻለው። ለአንበጣ የሚረጨው ኬሚካል መጠኑ እጅግ ያነሰ፣ ለአንድ ሄክታር አንድ ሊትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ፣ በነፋስ እየተገፋ እንዲሰራጭ የተዘጋጀ ነው። ነፋሱ ወደ ሽቦው ሲነፍስ ሄሊኮፕተሩ ራቅ ብሎ ቢያልፍም ጠብታው ወደዚያ ማሳ ይደርሳል። የቀረ ካለ ደግሞ በጀርባ በሚታዘል መርጫ ወይም በመኪና ላይ በተገጠመው ይዳረሳል። ለባለ ማሳው ይህን አስቀድሞ ማስረዳት፣ በሽቦው ሥር ያለው ማሳ በሰው እንደሚረጭ ቃል መግባትና ቃሉን መጠበቅ የቀበሌው ሥራ ነው። ኬሚካልና ነዳጅ ከማድረስ የሚከብድ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ።

ሄሊኮፕተር ይቅር፣ ድሮንና የሰው ጉልበት ይበቃል ለሚለው፣ በከፊል ትክክል ናቸው። አንበጣው ገና ክንፍ ሳያወጣ ኩብኩባ ሳለ መሬት ላይ መርጨት ከሁሉም የተሻለ ነው። ለትንሽ ማሳ፣ በተለይ ሽቦ ለከበበው፣ ድሮን መልካም ነው፤ ሽቦ ቢመታ ሰው አይሞትም፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ የበረሃ አንበጣ መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን ነፍስ ሊይዝ፣ በቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ሊበላ ይችላል። በአንድ ቀን 150 ኪሎ ሜትር መጓዝ ይችላል። መንጋው በዋናነት የሚረጨው ከንጋት እስከ ረፋድ ባለችው አጭር ጊዜ ነው፤ የድሮን ባትሪ በደቂቃዎች ያልቃል፣ ታንኩም ትንሽ ነው። ጅራፍ ማጮህና ቆርቆሮ መደብደብ ደግሞ መንጋውን ከሐብሩ አስነሥቶ ቆቦ ያሳርፈዋል እንጂ አይገድለውም። በ2013 ዓ.ም. እናቶችና ልጆች ቀኑን ሙሉ ሲጮኹ የዋሉት ሌላ ስላልነበራቸው ነው፤ ያንን እንደ አማራጭ ማቅረብ ይከብደኛል።

ኳስ የመስቀሉን ሐሳብ ግን ከነቅድመ ሁኔታው አልጥለውም፣ ቅድመ ሁኔታውን ብቻ ነው የምጥለው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ወንዝ፣ ሸለቆ ወይም አውራ ጎዳና የሚያቋርጥ ሽቦ ለበረራ አደገኛ መሆኑ በጥናት ከታወቀ ምልክት እንዲደረግበት ይመክራል፤ ኳሱ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት እንዲኖረው፣ በዚያ ስፋት ከሆነም በኳሶቹ መካከል ያለው ርቀት ከ30 ሜትር እንዳይበልጥ ይላል። ይህ ለሁሉም ሽቦ የተባለ አይደለም፣ ሊሆንም አይችልም። በየቀበሌው ያለውን ባለ 15 ኪሎ ቮልት ሁሉ እናስውብ ካልን አንዱም ሳይሰቀል ዓመታት ያልፋሉ፣ አንበጣው ግን አይጠብቅም። ገደል ለገደል የተወረወሩትንና አንበጣ በተደጋጋሚ በሚወጣባቸው ሸለቆዎች አፍ ላይ ያሉትን ብቻ ለይቶ መጀመር ይቻላል።

ለመለየት ደግሞ ዝርዝር ያስፈልጋል። ከደቡብ ወሎ ቃሉ፣ ወረባቦና አምባሰል፣ ከሰሜን ወሎ ሐብሩና ራያ ቆቦ እስከ ነሐሴ ድረስ እያንዳንዳቸው አንድ መዝገብ ቢያዘጋጁ ከመስከረም በፊት ይደርሳል። በመዝገቡ ላይ መኖር ያለበት ሽቦው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያቋርጥ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ መብራት ኖረበትም አልኖረበትም አሁን ቆሞ እንደሆነና ሲያስፈልግ የሚደወልለት ቴክኒሻን ስልክ ነው። የቅኝት ቅጹ ላይም «በአቅራቢያው ሽቦ ወይም ማማ አለ?» የሚል አንድ መስመር ይጨመርበት። ጽሑፉን የጻፉት ወንድማችን ፈቃደኛ ከሆኑ የቅጹን ረቂቅ አብረን እናዘጋጀውና ጽሑፋቸውን ላጋሩት የወረዳ ኃላፊዎች አብረን እንላክላቸው።